የቍርባን ትርጕም፤ ከአክሱም እስከ አሶሳ

(በራዲዮ የተነገረ)



ሰው ብቻውን ሊጸልይ ይችላል፤ ብቻውን ሊጾም፥ ብቻውንም ሊመጸውት ይችላል። ብቻውን ሊቈርብ ግን አይችልም። ቍርባን የሚለው ቃል በግዕዝ «ቀርበ» ከሚለው ግሥ ጋር ሥሩ አንድ ስለ ሆነ፥ ስሙ ራሱ መቅረብንና ማቅረብን ያመለክታል። ወደ እግዚአብሔር የሚቀርበውም ሰው ከወንድሞቹ ጋር ሆኖ እንጂ ለብቻው እንዳይደለ ሥርዓቱም ታሪኩም ያስረዳሉ።

አስቀድመን ለአንድ ቅዳሴ የሚያስፈልገውን እንቍጠር። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ንጹሕ ስንዴ ይፈጫል፤ ሊጡም ቦክቶ በቤተ ልሔም ይጋገራል፤ ወይኑ ከዘቢብ ይዘጋጃል። ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት፥ በድምሩ አምስት ልኡካን ሊሟሉ ይገባል። ታቦቱን የሚባርክ፥ ካህናቱንም የሚሾም ጳጳስ ነው። ቈራቢውም 18 ሰዓት ይጾማል። እንግዲህ ያች አንዲት ቍራሽ ከአራሹ ገበሬ ጀምሮ እስከ ጳጳሱ ድረስ የብዙ ሰው እጅ ያለባት ናት ማለት ነው።

ይህን አባቶቻችን ከመጀመሪያው ያውቁት ነበር። ሩፊኖስ የተባለው ጥንታዊ የታሪክ ጸሐፊ እንደሚተርከው፥ ከጢሮስ የመጣው ፍሬምናጦስ በ4ኛው መቶ ዓመት በቤተ መንግሥት ባለሥልጣን በሆነ ጊዜ፥ በአገሩ የሚነግዱትን ክርስቲያኖች ፈልጎ የጸሎት ስፍራ ሰጣቸው። ጸሎት ነበራቸው፤ ጳጳስ ግን አልነበራቸውም። ስለዚህ ፍሬምናጦስ እስክንድርያ ድረስ ሄዶ አትናቴዎስን ጳጳስ ላክልን ብሎ ለመነ፤ አትናቴዎስም እርሱን ራሱን ሾሞ ላከው። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለው ይህ ነው።

ከዚያ ወዲህ ለ1,600 ዓመት ያህል ጳጳስ የሚመጣልን ከግብጽ ነበር። አንዱ ሲሞት ሌላው እስኪመጣ አዲስ ካህን አይሾምም፥ አዲስ ታቦትም አይባረክም። በዘመነ መሳፍንት አቡነ ሰላማ በ1834 ዓ/ም እስኪገቡ ድረስ አገሪቱ ከ10 ዓመት በላይ ያለ ጳጳስ ቈይታለች። ይህ ችግር የተቃለለው አቡነ ባስልዮስ በ1943 ዓ/ም ሊቀ ጳጳስ፥ በ1951 ዓ/ም ደግሞ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ በሆኑ ጊዜ ነው።

ነገሩ የሩቅ ዘመን ታሪክ ብቻ እንዳይመስለን፥ አሁን ወደ ምዕራብ ጠረፍ ወደ አሶሳ እንመልከት። የቤኒ ሻንጉል አገር በ1890 ዓ/ም በራስ መኰንን ዘመቻ ከምኒልክ መንግሥት ጋር የተጠቃለለ ሲሆን፥ ነባሩ የበርታ ሕዝብ በብዛት የእስልምና ሃይማኖት ተከታይ ነው። በ1977 እና በ1978 ዓ/ም ግን ድርቅና ረኃብ በሰሜን በበረታ ጊዜ፥ የደርግ መንግሥት ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ አሰፈረ። አሶሳና መተከል ከዋናዎቹ የሰፈራ ቦታዎች መካከል ነበሩ። ሳይወድ የተወሰደ፥ ከቤተ ሰቡ የተለየ፥ በወባና በልዩ ልዩ በሽታ ያለቀም ብዙ ነው።

ከወሎ የመጣው ክርስቲያን ሰፋሪ ጸሎቱን ይዞ መጣ፤ ቍርባኑን ግን ይዞ ሊመጣ አልቻለም። ታቦቱ ከአገሩ ቀርቷል፤ የንስሐ አባቱና ጎረቤቱ ተበትነዋል፤ በአዲሱ እርሻ የሚበቅለውም ማሽላና በቆሎ ነው። ቤተ ክርስቲያን ተተክሎ፥ ካህናት ተገኝተው፥ ስንዴና ዘቢብ ከሌላ ቦታ እስኪመጣ ድረስ፥ ሁኔታው በአክሱም እንደ ነበሩት ነጋዴዎች ነበር። ቍርባን የማኅበር ሥራ መሆኑ ከሁሉ ይልቅ የሚታወቀው ማኅበር በፈረሰበት ስፍራ ነው።

ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። ሰፋሪው የሰፈረበት መሬት የበርታና የጉሙዝ ሕዝብ ይኖርበትና ያርሰው የነበረ ነው። ቂም ሳይሽር ቈይቶ፥ ሌላም ምክንያት ተጨምሮበት፥ በ2012 እና በ2013 ዓ/ም በመተከል ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ፤ እጅግ ብዙዎችም ተፈናቀሉ። በቅዳሴ ሰዓት ግን ከቍርባን አስቀድሞ ምእመናን እርስ በርሳቸው ሰላምታ እንዲሰጣጡ ይታዘዛሉ። ወንጌልም ወንድሙ የተቀየመው ሰው መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ፥ አስቀድሞ እንዲታረቅ ያስተምራል። የተቀየመው ሰው የየትኛው ነገድ ተወላጅ እንደ ሆነ ግን አይጠይቅም።

ክቡራን አድማጮች፤ ከእኛ መካከል በሕፃንነቱ ቈርቦ፥ ጐልማሳ ሲሆን ከቅዳሴው ቆሞ የሚመለስ፥ ቍርባንን ለእርጅናው ያቈየ ብዙ ሰው አለ። ከአክብሮትና ከፍርሃት የተነሣ ነው ይባላል፤ ሊሆንም ይችላል። ነገር ግን እያንዳንዱ ራሱን ይመርምር፤ የሚያርቀው የእግዚአብሔር ፍርሃት ነው ወይስ በመሥሪያ ቤቱ ወይም በደጃፉ ያልታረቀው ሰው? ፍርሃት ከሆነ የንስሐ አባት አለው። ቂም ከሆነ ግን መንገዱ የሚጀምረው ከመቅደሱ ደጅ ሳይሆን ከጎረቤት ደጅ ነው።