የማኅበራዊ ፖሊሲ ትምህርት

የማኅበራዊ ፖሊሲ ትምህርት መንግሥትና ኅብረተሰብ ለድህነት፣ ለእርጅና፣ ለአካል ጉዳትና ለሥራ አጥነት በሕግ፣ በበጀትና በአገልግሎት የሚሰጡትን ምላሽ የሚያጠና የዩኒቨርሲቲ ዘርፍ ነው። በኢትዮጵያ በአብዛኛው ከሶሻል ወርክና ከሶሲዮሎጂ ጋር ተያይዞ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ ውስጥ የተከፈተው የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት በደርግ ዘመን ተዘግቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በድኅረ ምረቃ ደረጃ እንደገና ሥራ ጀመረ።

የዘርፉ ጥያቄዎች ዝናብ በሚያጥረው የራያ ቆቦ ቆላ በግልጽ ይታያሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 በተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም መሥራት የሚችሉ ችግረኛ ቤተሰቦች እርከን ሠርተው፣ ተፋሰስ አልምተው በጥሬ ገንዘብ ወይም በእህል ይከፈላቸዋል፤ ጧሪ የሌላቸው አረጋውያንና ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ሳይሠሩ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። ከሁሉ የሚከብደው ልየታው ነው፤ ሁሉም በተቸገረበት ቀበሌ የማን ስም ከመዝገብ ይግባ የሚለውን መወሰን በጎ ፈቃድን ብቻ ሳይሆን የሠለጠነ ባለሙያንም ይጠይቃል።

ተመራቂዎች በወረዳ የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤቶች፣ በምግብ ዋስትና ሥራ፣ በሆስፒታሎች፣ በግብረ ሠናይ ድርጅቶችና በምርምር ተቋማት ይቀጠራሉ። የሙያው ዋና መመሪያ የሆነው ብሔራዊ የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው።