መልአክ መላክ እንዳይሆን

ሻሸመኔ ስሟን በሁለት ፊደል ትጽፋለች፡፡ በግዕዝ ፊደል አራት ሆሄ ይበቃታል፡፡ አፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል፣ እንዲጻፍ ከተወሰነበት ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ግን ሌላም መልክ አላት፤ በዚህኛው የሚረዝመው አናባቢና የሚጠብቀው "ነ" ተደግመው ይጻፋሉ፡፡ እንግዲህ ኮምፒውተሩን "ሻሸመኔን ወደ ቁቤ ቀይርልኝ" ብትሉት፣ "ነ" መጥበቁን ከየት ያውቃል? ፊደላችን እንደሆነ ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም፡፡ "አለ" ሲላላ ተናገረ ነው፤ ሲጠብቅ ይገኛል፡፡

ፕሮግራመሮች ይህን ጣጣ ያውቁታል፡፡ አንዱን የዳታ ዓይነት ወደ ሌላው ለመቀየር ሁለት መንገድ አለ፤ ማሽኑ ሳይነገረው ዝም ብሎ ይቀይር፣ ወይም ጸሐፊው "ቀይር" ብሎ በግልጽ ይዘዝ፡፡ ዝምታው ስላስቸገረ ሲ ፕላስ ፕላስ በ1998 (እ.ኤ.አ.) ደረጃው "ኤክስፕሊሲት" የምትል ቃል ይዞ መጣ፤ በ2011 ደግሞ ፕሮግራመሩ ራሱ ለሚጽፋቸው መቀየሪያዎችም አሰፋት፡፡

እኛም ቤት ተመሳሳይ ታሪክ አለ፡፡ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አማርኛ በኢሜይል መላክ ጭንቅ ነበር፡፡ የአንዱ ፎንት ከሌላው አይገጥምም፤ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ዝብርቅርቁ ይወጣል፡፡ ያኔ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ግዕዝን በላቲን ሆሄያት የሚወክል ሥርዓት አዘጋጁ፡፡ ምህጻሩን "ሴራ" ብላችሁ ብታነቡት ክፋት የለበትም!

ሕጉ ቀላል ነው፡፡ ትንሹ "ቲ" ተ፣ ትልቁ "ቲ" ጠ ይሆናል፡፡ ሀ፣ ሐ እና ኀ የየራሳቸው አጻጻፍ ስላላቸው ወደ ግዕዝ ሲመለሱ አይደባለቁም፡፡ "መልአክ" ለመጻፍ ከ"ል" ቀጥሎ አፖስትሮፍ ይገባል፤ ከተረሳ ቃሉ "መላክ" ሆኖ ያርፈዋል፡፡ መሀል ላይ እንግሊዝኛ ሲመጣም ባክስላሽ ድንበሩን ያበጃል፡፡ የቱ እንደሚቀየር የሚወስነው ጸሐፊው ነው፤ ማሽኑ በግምት አይገባም፡፡

በ1999 (እ.ኤ.አ.) ዩኒኮድ 3.0 ለ345 የግዕዝ ምልክቶች የየራሳቸውን ቁጥር ሰጠ፡፡ ከላቲን መዋሱም ቀስ በቀስ ቀረ፡፡ የሻሸመኔ ጥያቄ ግን አልተፈታም፡፡ ዩኒኮድ የተጻፈውን ይጠብቃል እንጂ ያልተጻፈውን አይፈጥርም፡፡ ከአማርኛ ሰነድ ወደ ቁቤ ሰነድ የሚሻገር የሰው ስም ላይ ፕሮግራሙ ዝም ብሎ ቢገምት፣ መታወቂያው አንድ ሰው፣ የትምህርት ማስረጃው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል፡፡

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፡፡ ሲቀየር ግን ባለቤቱ ይጠየቅ፡፡