ደን ለሕዝብ ሲዘጋ፤ በአሜሪካ የካምፕ እሳት ክልከላ አመጣጥ

ሐምሌና ነሐሴ በኢትዮጵያ የዝናብ ወራት ናቸው፤ በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ክፍል ግን ድርቅና ሙቀት የሚበረታባቸው፣ ሕዝቡም ከከተማ ወጥቶ በየደኑ ድንኳን የሚተክልባቸው ወራት ናቸው። ማታ እሳት አንድዶ ዙሪያውን መቀመጥ የዚህ ሽርሽር ዋነኛ ደስታው ነው። ብሔራዊ ደን የሚባለው የመንግሥት ይዞታ ለሕዝብ ክፍት በመሆኑ፣ ወደዚያ የሚወጣው ሰው ራሱን የሚቆጥረው እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ባለቤት ነው። ይኸው ባለቤት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 እና በ2021 (እዚህ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በካሊፎርኒያ 18 ብሔራዊ ደኖች ባንድነት ተዘግተውበት ከደጅ ተመለሰ። የተዘጋው መሬት 8 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ነበር። አንድ መሥሪያ ቤት ይህን ያህል ሰፊ አገር በአንዲት ወረቀት ለመዝጋት የሚያስችለውን ሥልጣን ከየት አገኘ? መልሱ የሚገኘው ከድንኳን ተካዩ ዘንድ ሳይሆን ከበግ አርቢው ዘንድ ነው።

በ1897 የአሜሪካ ኮንግሬስ ደንን የሚመለከቱ ሁለት ሕጎች አወጣ። በፌብሩዋሪ ወር የወጣው፣ በመንግሥት ደን ውስጥ ወይም በአጠገቡ እሳት ያነደደ ሰው ፈጽሞ ሳያጠፋው ትቶ እንዳይሄድ የሚያዝ፣ ትቶ የሄደውንም የሚቀጣ ነበር። ልብ ሊባል የሚገባው ሕጉ «አታንድድ» አለማለቱ ነው፤ «አጥፍተህ ሂድ» ብቻ ነው ያለው። በጁን ወር የወጣው ሁለተኛው ሕግ ደግሞ ደኖቹን ከእሳትና ከጥፋት ለመጠበቅ የሚያስፈልገውን ደንብ ሚኒስትሩ እንዲያወጣ ፈቀደ። በ1905 ደኖቹ ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተዛውረው ጊፎርድ ፒንቾ በሚመራው የደን አገልግሎት ሥር ሲውሉ ይኸው ሥልጣን አብሮ ተዛወረ።

ክርክሩ የተነሣው በዚህ ጊዜ ነው። ፒዬር ግሪሞ የተባለ ሰውና ባልደረባው በካሊፎርኒያ በሲዬራ ደን ውስጥ ያለ ፈቃድ በግ በማሰማራታቸው ተከሰሱ። መከራከሪያቸው፣ ወንጀልን መደንገግ የሕግ አውጪው ሥራ እንጂ የሚኒስትር ሥራ አይደለም የሚል ነበር። የበታቹ ፍርድ ቤት ተቀበላቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ1911 ይህን ሽሮ፣ ቅጣቱን የደነገገው ኮንግሬስ ስለሆነ ሚኒስትሩ ዝርዝሩን በደንብ ቢወስን ሕግ አወጣ እንደማይባል ፈረደ። ነገሩ የግጦሽ ነገር ነበር፤ ስለ ሽርሽርም ስለ ድንኳንም አንዲት ቃል አልተነገረበትም። ይሁን እንጂ ዛሬ በየደኑ መግቢያ ተለጥፎ የሚታየው የእሳት ክልከላ ማስታወቂያ የቆመው በዚህ የበጎች ፍርድ ላይ ነው። ትእዛዙን የጣሰ ሰው እስከ 6 ወር እስራትና እስከ 5,000 ዶላር መቀጫ ሊያገኘው የሚችለውም ስለዚህ ነው።

በፍርዱ ዋዜማ በ1910 በኦገስት ወር፣ በአይዳሆና በሞንታና ሁለት ቀን ብቻ የቆየ የእሳት ማዕበል 1.2 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ደን በልቶ፣ ሊያጠፉት ከዘመቱት ሰዎች 78ቱን ገድሎ ነበር። ወጣቱ መሥሪያ ቤት ከዚያ ወዲያ እሳትን እንደ ደመኛ ጠላት ማየት ጀመረ። በ1935 የወጣው መመሪያ ማንኛውም የደን እሳት በታየ ማግሥት ከጧቱ 4 ሰዓት በፊት በቁጥጥር ሥር እንዲውል የሚያዝ ነበር። በ1944 ደግሞ ባርኔጣ የደፋው ስሞኪ የተባለ ድብ በሥዕል ተፈጥሮ ሕዝቡን መምከር ጀመረ። ምክሩ መልካም ነበር። ዳሩ ግን እሳት ሁሉ በጠፋ ቁጥር የደረቀው ቅጠልና ጭራሮ ከዓመት ዓመት ይከማች ነበር። በየጊዜው ጥቂት ጥቂቱን እያቃጠሉ ደኑን ሲያጠሩ የኖሩት ነባር ሕዝቦችም ከዚህ ልማዳቸው ተከልክለው ነበር። የ1935ቱ መመሪያ በ1978 ሲሻር ማገዶው ተከማችቶ አልቋል። የዛሬው ጎብኚ ከሚከለከልበት ምክንያት አንዱ የትናንቱ ጠባቂ ትጋት መሆኑ የሚያስገርም ነው።

ክልከላው በግምት የሚደረግ አይደለም። በ1972 ሥራ ላይ የዋለው የእሳት አደጋ መመዘኛ የአየሩን ሙቀት፣ ነፋሱንና የእንጨቱን እርጥበት ያገናዝባል። ከ3 እስከ 8 ኢንች ውፍረት ያለው የወደቀ ግንድ ከአየሩ እርጥበት ጋር ለመስተካከል 1,000 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ይኸውም ከ40 ቀን ይበልጣል። ስለዚህ ጧት ዝናብ ቢያካፋ ክልከላው በማግሥቱ አይነሣም፤ ጎብኚው «ዘንቧል እኮ!» ብሎ ቢያማርርም ግንዱ ገና አልሰማም። መጀመሪያ እሳት የሚፈቀደው በተሠራ ምድጃ ብቻ ይሆናል፤ ድርቁ ሲብስ እንጨትና ከሰል ጨርሶ ተከልክሎ በማጥፊያ ቁልፍ የሚዘጋ የጋዝ ምድጃ ብቻ ይቀራል። የመጨረሻው መዝጋት ነው።

ክልከላ ብቻውን ምን ያህል ያዛል? በኦገስት 2013 በስታኒስላውስ ብሔራዊ ደን የካምፕ እሳት ተከልክሎ ሳለ፣ መሥሪያ ቤቱ እንዳስታወቀው አንድ አዳኝ ያነደደው እሳት አምልጦ እስከ ዮሴሚቲ ፓርክ ድረስ ከ104 ሺህ ሄክታር በላይ አቃጠለ። ክስ ቢመሠረትም ሁለት ምስክሮች በመሞታቸው በ2015 ፋይሉ ተዘጋ። ከዚያ በፊትም በ2003 በሳንዲዬጎ አካባቢ መንገድ የጠፋው አዳኝ ሰው እንዲያየው የለኮሰው እሳት 15 ሰዎች የሞቱበት ሰደድ ሆኗል። እንዲህ ባለው ሰፊ ዱር ውስጥ ለእያንዳንዱ ድንኳን ጠባቂ ማቆም አይቻልም።

እስከዚያ ድረስ ፍርሃቱ ጎብኚው ደኑን እንዳያቃጥል ነበር። በሴፕቴምበር 2020 ፍርሃቱ ተገለበጠ። በሠራተኞች ቀን በዓል ሰሞን በሲዬራ ተራሮች የተነሣው የክሪክ እሳት፣ ማሞዝ ፑል በተባለው ሐይቅ ዳር የሰፈሩትን መንገድ ዘጋባቸው። በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰዎች በጭስ ውስጥ በብሔራዊ ዘብ ሄሊኮፕተሮች ተወሰዱ። የዚያ እሳት መነሻ ተለይቶ አልታወቀም፤ ሰፋሪዎቹን ወንጀለኛ የሚያደርግ ነገር የለም፤ ሊሞቱ የነበሩት ግን እነርሱ ናቸው። መሥሪያ ቤቱ በሴፕቴምበር 7 ስምንት ደኖችን፣ ከሁለት ቀን በኋላ 18ቱንም ዘጋ። በዚያ ዓመት በካሊፎርኒያ ከ1.6 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ተቃጥሏል።

በ2021 ግን መሥሪያ ቤቱ በዓሉን አልጠበቀም። ዲክሲና ካልዶር የተባሉት እሳቶች ሲዬራን ተሻግረው ሲነዱ፣ የእሳት አጥፊው ኃይል በመላ አገሪቱ ተበትኖ ሳለ፣ ከኦገስት 31 እስከ ሴፕቴምበር 17 ደኖቹ እንዲዘጉ አዘዘ። ምክንያቱን ሲገልጽም ጎብኚዎች በእሳት እንዳይከበቡ፣ አዲስ እሳትም እንዳይነሣ ሲል ነው። ለዓመት ያሰቡት ጉዞ የተሰረዘባቸው ብዙዎች ነበሩ፤ ቅሬታቸውም ተገቢ አይደለም ለማለት ያስቸግራል። ትእዛዙ ከተወሰነለት ጊዜ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ በሴፕቴምበር 15 ተነሣ። በደቡብ የሚገኙት 4 ደኖች እስከ 22 ድረስ ተዘግተው ቆዩ። በሩ በተከፈተላቸውም ደኖች ውስጥ የእሳቱ ክልከላ እንደጸና ስለነበር፣ ተመላሾቹ ሰፋሪዎች ማታ ማታ የተቀመጡት በጨለማ ነው።