የታሸገ መሣሪያ ሆድ ዕቃ
የሙሌት ታሪክ ከደጋው አየር አንጻር

የፎገራን ሜዳ ለቆ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣ መንገደኛ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል በሆነ ጉዞ ውስጥ በዓይን የማይታይ አንድ ድንበር ይሻገራል። ወረታ ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ታቦር ደግሞ 2700 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ፤ ድንበሩ የሚውለው በሁለቱ መካከል፣ 2000 ሜትር ላይ ነው። በአውቶቡሱ ጣሪያ የተጫነው ሬዲዮ፣ ባትሪ መሙያ ወይም የፀሐይ ኃይል መቆጣጠሪያ ይህን መሥመር ሲያልፍ ምንም ምልክት አይሰጥም። ይሁን እንጂ የቤትና የቢሮ ኤሌክትሮኒክ ዕቃ የሚሠራባቸው ዓለም አቀፍ ደንቦች በሁለት ሽቦዎች መካከል ሊኖር የሚገባውን የአየር ክፍተት ሲደነግጉ መነሻ አድርገው የያዙት እስከ 2000 ሜትር ያለውን አገር ነው። ከዚያ በላይ ለሚውል ዕቃ ክፍተቱ ሊሰፋ ይገባል፤ በ3000 ሜትር ላይ በ1.14፣ በ5000 ሜትር ላይ በ1.48 ይባዛል። ነፋስ መውጫ ከ3000 ሜትር በላይ ያለች ከተማ ናት፤ የጉና ራስ ከ4000 ሜትር ያልፋል።

ምክንያቱን ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ፍሪድሪሽ ፓሸን እ.ኤ.አ. በ1889 ባሳተመው ጥናት ገልጦታል። አየር ኤሌክትሪክን አግዶ የሚይዝበት አቅም በግፊቱና በክፍተቱ ስፋት ብዜት ይወሰናል፤ በተለመዱት ክፍተቶች ላይ አየሩ በሳሳ ቁጥር ብልጭታው በቀላሉ ይዘላል። በደብረ ታቦር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 72 ከመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ለደጋ አገር ዕቃ የሚሠራ ባለፋብሪካ ሁለት መንገድ አለው፤ ወይ ክፍተቱን ማስፋት፣ ወይ አየሩን ከነአካቴው አስወጥቶ ስፍራውን በሌላ ነገር መሙላት። ክፍተት ማስፋት ሣጥኑን ያገዝፋል፤ በመሆኑም ትናንሽ ዕቃ የሚሠሩ ሰዎች ዘወትር ወደ ሁለተኛው ያዘነብላሉ።

ሙሌት ለደብረ ታቦር አካባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። ከከተማዋ አጠገብ በምትገኘው በጋፋት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ ዓ.ም. አውሮፓውያን ሚስዮናውያንንና የእጅ ሥራ ሰዎችን ከአገሬው ሠራተኞች ጋር አሰባስበው መድፍ ያስቀልጡ ነበር። ከእነርሱም መካከል ቴዎፍሎስ ዋልድማየርና ሞሪትዝ ሆል ይገኙበታል። በዚያ የተሠራውና ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ መንገድ እየተጠረገለት በሰው ጉልበት ወደ መቅደላ ተጎትቷል። ቀላጭ ሲሠራ የሚያስበው የኤሌክትሮኒክ ባለፋብሪካው ከሚያስበው ጋር በአንድ በኩል ተቃራኒ፣ በሌላ በኩል ፍጹም አንድ ነው። ተቃራኒነቱ፣ ቀላጭ በቅርጹ መካከል የጭቃ እምብርት የሚያቆመው ብረቱ ከፈሰሰ በኋላ ስፍራው ባዶ ሆኖ እንዲቀር መሆኑ ነው። አንድነቱ ግን በጠላታቸው ላይ ነው፤ ሁለቱም የሚፈሩት በማይታይ ቦታ የተደበቀ አየርንና እርጥበትን ነው። ያልደረቀ ጭቃ የቀለጠ ናስ ሲነካው እንፋሎቱ ብረቱን ወንፊት ያደርገዋል፤ ከውጭ ሲታይ ደህና የሚመስል መድፍም ባሩድ ሲጎርስ ይፈነዳል። (ሰምና ወርቅ የሚለው የቅኔ ስም ከአንጥረኛ ቤት፣ ሰሙ ቀልጦ በስፍራው ወርቅ ከሚፈስበት ሥራ መወሰዱን ማስታወስ ለዚህ ነገር ባዕድ አይሆንም።)

በጋፋት ምድጃ በሚነድበት በዚያው ዘመን አውሮፓውያን የሚታገሉት ከባሕር ውኃ ጋር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1851 በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል የተዘረጋው የቴሌግራፍ ገመድ መዳቡ የተሸፈነው ጉታ ፐርቻ በተባለ የዛፍ ሙጫ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1858 አትላንቲክን ያቋረጠው ገመድ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዝም አለ፤ እጅግ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ስለተላከበት ደካማው ሽፋን ተበስቶ ነበር። እስከ መጨረሻው ያገለገለ ገመድ የተዘረጋው በ1866 ነው። የዚህ ዘመን ትምህርት ሽቦው ብቻውን መሣሪያ አለመሆኑን፣ በዙሪያው ያለው ዝምተኛ ነገር የመሣሪያው እኩሌታ መሆኑን ያሳየ ነው።

ከሙጫ ቀጥሎ የመጣው ዘይት ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 ከላውፈን እስከ ፍራንክፈርት 175 ኪሎ ሜትር በተዘረጋው የኃይል መሥመር ላይ ዘይት የተሞሉ ትራንስፎርመሮችና ኢንሱሌተሮች አገልግለዋል። ዘይት ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ብልጭታን ይከለክላል፣ ሙቀትንም ከመጠምጠሚያው ተቀብሎ ወደ ውጭው ግድግዳ ያደርሳል። በደጋ ላይ ግን ከግድግዳው ሙቀቱን የሚረከበው ያው የሳሳ አየር ስለሆነ፣ በተፈጥሮ አየር ለሚቀዘቅዝ ትራንስፎርመር የተፈቀደው የሙቀት ጭማሪ ከ1000 ሜትር በላይ ለያንዳንዱ 400 ሜትር በ1 ዲግሪ ይቀነሳል፤ ለደብረ ታቦር ቅናሹ አራት ዲግሪ ያህል ይሆናል። ስለ ዘይት ሲነሣ ክፉው ታሪክም አይዘለልም። እሳት እንዳይነሣ ተብሎ ከ1929 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለገበያ የቀረበው ክሎሪን የተቀላቀለበት ሰው ሠራሽ ፈሳሽ፣ ፒ.ሲ.ቢ. የተባለው፣ በአፈርና በሰው አካል ውስጥ ሳይበሰብስ የሚከማች መርዝ ሆኖ ተገኘ። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት እ.ኤ.አ. የ2001 የስቶክሆልም ስምምነትም እንዲወገድ ወስኗል።

ሣጥንን በደንብ ማሸግ ብቻ ለምን አይበቃም? ይህን ጥያቄ የጉናን ሌሊት የሚያውቅ ሰው በቀላሉ ይመልሰዋል። በደጋው ቀን ፀሐይ ታቃጥላለች፤ ሌሊት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። በሣጥኑ ውስጥ ያለው አየር ቀን ሲሞቅ ተስፋፍቶ በጠባቧ ቀዳዳ ይወጣል፤ ሌሊት ሲኮማተር የውጭውን እርጥብ አየር ይስባል። ጠዋት በመዳቡ ላይ ጤዛ ይቀመጣል። በየዕለቱ የሚገባው ኢምንት ቢሆንም በክረምት ወራት ተጠራቅሞ ዝገትና አጉል የኤሌክትሪክ መንገድ ይፈጥራል። አረቄ የምታወጣ ሴት የማሰሮውን አፍ በሊጥ ብትመርግ ለአንድ ቀን ሥራ ይበቃታል፤ አሥር ዓመት ሊያገለግል ለታሰበ መሣሪያ ግን ምርጊት አያዛልቅም። መተንፈስ እንዳይችል የሚተነፍሰውን አየር ማሳጣት ይሻላል።

ለዚሁ ሲባል የቀድሞ የሬዲዮ ሠሪዎች ሰምና ሬንጅ አቅልጠው በትናንሽ ትራንስፎርመሮችና ኮንደንሰሮች ላይ ያፈስሱ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሙሌት አዲስ ሸክም ተቀበለ። ወደ ዒላማው ሲቀርብ ራሱ የሚፈነዳውና በጥር 1943 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ በጦርነት የዋለው የመድፍ ጥይት፣ በጫፉ ውስጥ የመስታወት ቱቦዎች ያሉት ሬዲዮ ነበረው። ከመድፉ አፍ ሲወጣ ከመሬት ስበት 20000 እጥፍ የሚደርስ ግፊት ስለሚያርፍበት፣ ክፍሎቹ እንዳይሰበሩ በሰም ተሞልተው ታሽገዋል። በዚያው ዓመት የተቋቋመው ዳው ኮርኒንግ የመጀመሪያ ምርቱ የሲሊኮን ቅባት ሲሆን፣ አገልግሎቱ በከፍታ በሚበርሩ አውሮፕላኖች የሞተር ማቀጣጠያ ላይ ያለውን ክፍተት መሙላት ነበር። አውሮፕላኑ ከፍ ሲል አየሩ እየሳሳ ብልጭታው ካለቦታው ይዘልበት ነበርና። በሌላ አነጋገር ዛሬ ደብረ ታቦርን የሚመለከተው የሳሳ አየር ጉዳይ በመጀመሪያ የተፈታው ለአብራሪዎች ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ገበያውን የያዘው ኢፖክሲ ነው፤ ስዊሳዊው ፒየር ካስታንና አሜሪካዊው ሲልቫን ግሪንሊ ለየብቻቸው የደረሱበት፣ ሁለት ፈሳሾች ሲደባለቁ እንደ ድንጋይ የሚጠነክር ሙጫ ነው። ይሁንና ሙጫው ለብቻው ሙቀት አያስተላልፍም ለማለት ይቻላል፤ ከአየር የሚበልጠው ስምንት እጥፍ ያህል ብቻ ነው። ሲሞቅም ከመዳብ ይበልጥ ይለጠጣል፣ ሲደርቅም ይሸበሸባል፤ በዚህም ምክንያት ይሰነጠቃል ወይም የብየዳውን ነጥብ ይነቅላል። ስለሆነም ሙሌቱ ራሱ ሙሌት ይጨመርለታል፤ የኳርትዝ ወይም የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ዱቄት በብዛት ይደባለቅበታል። ዱቄቱ ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙን ሦስትና አራት እጥፍ ያሳድጋል፣ መለጠጡን ይቀንሳል፣ ዋጋውንም ያወርዳል። ባለፋብሪካዎች የመጨረሻውን ጥቅም እምብዛም አያወሩትም። በከፍተኛ ቮልቴጅ ዕቃ ላይ ሙጫው በባዶ አየር ውስጥ መፍሰሱ የግድ ነው፤ በጠጣሩ መካከል የቀረች አንዲት የአየር አረፋ ከዙሪያዋ እስከ አራት እጥፍ የሚደርስ የኤሌክትሪክ ጫና ያርፍባታልና፣ በውስጧ ያለማቋረጥ ብልጭ እያለች ግድግዳዋን ትበላለች። የጋፋቱ ቀላጭ ይህን ሥዕል ቢያይ ወዲያው ይገባው ነበር።

ኃይለኛ ፊውዝ ውስጥ የሚገኘው አሸዋም እግረ መንገድ ይጠቀሳል። ሽቦው ሲቀልጥ የሚነሣውን የእሳት ቅስት አሸዋው ሙቀቱን ውጦ ያጠፋዋል፤ ፊውዝን በዱቄት የመሙላት ሐሳብ በእንግሊዛዊው ሞርዲ ስም የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1890 ነው። አሸዋ በፊውዝ ውስጥ መገኘቱ ማታለል አይደለም፤ ዕቃው ከባድ መስሎ እንዲሸጥ ብቻ በተንቀሳቃሽ ባትሪ ሣጥን ውስጥ የሚጨመረው አሸዋ ግን ማታለል ነው።

የሙሌት ዕዳ የሚታየው ዕቃው ሲበላሽ ነው። ጥቁር ሙጫ የፈሰሰበት ሰሌዳ ምሥጢሩን ከተወዳዳሪ ይሰውራል፤ አንዳንድ ባለፋብሪካም የሚያፈስሰው ለዚሁ ነው። ነገር ግን የሚሰወረው ከተወዳዳሪው ብቻ ሳይሆን ከጠጋኙም ጭምር ነው። አንድ ርካሽ ዳዮድ የተቃጠለበት መቆጣጠሪያ በደብረ ታቦር ጠጋኝ እጅ ላይ ድንጋይ ይሆናል፤ ባለቤቱም መለዋወጫ ሳይሆን ሙሉ ዕቃ ከአዲስ አበባ ያስመጣል። ለደጋ አገር ይህ ቀላል ምርጫ አይደለም፤ ያልተሞላው ይረጥባል፣ የተሞላው አይጠገንም።

መካከለኛ መንገድ አለ። ለስላሳ የሲሊኮን ጄልና አንዳንድ ፖሊዩሬቴን በቢላ ተቆርጠው ይነሣሉ፤ የተበላሸው ክፍል ከተተካ በኋላም ስፍራው እንደገና ይሞላል። ዋጋቸው ከጠንካራው ኢፖክሲ ብዙውን ጊዜ ይበልጣል፤ ስለዚህ ገዢው ካልጠየቀ ባለፋብሪካው በራሱ ፈቃድ አያቀርባቸውም። የግዥ ሰነድ የሚያዘጋጅ መሐንዲስ ዕቃው የሚተከልበትን ከፍታ በሜትር መጻፍና የሙሌቱን ዓይነት መጠየቅ ይችላል፤ ሁለቱ ሁለት መሥመር ጽሑፍ ናቸው። ለወረታና ለነፋስ መውጫ በአንድ ሰነድ በሚገዛ ጊዜ ደግሞ የሚጻፈው ቁጥር የነፋስ መውጫው ነው።