ተነሺ

«ሰፋሪ» ሲባል በ1977ቱ ድርቅ ደርግ ከወሎና ከትግራይ ወደ መተከል፣ ወደ ጋምቤላና ወደ ኢሉባቦር ያጓጓዘው ሕዝብ ትዝ ይለናል። በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የለመድነው ግን «የልማት ተነሺ» የሚለውን ነው፤ ለፋብሪካ፣ ለመንገድ ወይም ለቤት ግንባታ መሬቱን የለቀቀ ማለት ነው። ሰፋሪ የሚሰፍርበት ቦታ አለው። ተነሺ ግን ከየት እንደተነሳ እንጂ የት እንደሚያርፍ ስሙ አይናገርም።

ሕጉም ለረጅም ጊዜ እንደ ቃሉ ነበር። ካሳ ገማቹ ባሕር ዛፉን ይቆጥር፣ የጤፉን ምርት ያሰላ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 መሠረት መሬቱን በቋሚነት የለቀቀ ገበሬ የአማካይ ዓመታዊ ገቢውን 10 እጥፍ ተቀብሎ ይሰናበት ነበር። ለዕድሩና ለጉርብትናው ቅጹ ላይ ቦታ አልነበረም። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የተቀናጀ ማስተር ፕላን ከ2006 ጀምሮ ያስነሳው ተቃውሞ አንዱ ምክንያት ይኸው የመፈናቀል ሥጋት ነበር፤ ፕላኑም በጥር 2008 ቀረ።

አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ስሌቱን ወደ 15 እጥፍ አሳድጎ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ ካሳ፣ ለተነሺውም መልሶ ማቋቋም ጨመረ። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታም ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ናቸው። እንግዲህ አንድ ሪፖርት «ተነሺዎች ተስተናግደዋል» ሲል፣ የት ሰፈሩ? በምን ሥራስ ይተዳደራሉ? ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።