ጦቢያ የወንድ ልብስ፣ ሰብለ የመነኩሴ ልብስ

የዛሬዋ ረዘም ትላለች። ኤርፖርት ተራ የያዛችሁ ሾፌሮች ወረፋችሁ እስኪደርስ አንብቧት፤ ቤት ያላችሁ ደግሞ ቡና አፍልታችሁ ያዟት። አፍልታችሁ ያልኩት ወንዶቹንም ነው።

ባለፈው ሳምንት ማታ ከደለስ ኤርፖርት አንዲት እህታችንን ጫንኩ። መኪናው ውስጥ የወጋየሁ ንጋቱ ትረካ ተከፍቶ ነበር፣ «ፍቅር እስከ መቃብር»። ተሳፋሪ ሲገባ ብዙ ጊዜ አጠፋዋለሁ። እሷ ግን ገና በሩን ሳትዘጋ «ወንድሜ፣ እባክህ እንዳታጠፋው» አለችኝ። እስከ አሌክሳንድሪያ ድረስ ሁለታችንም ትንፍሽ ሳንል ሄድን። ሻንጣዋን አውርጄ ስሰጣት እንዲህ አለችኝ፦ «ሰብለ የመነኩሴ ልብስ ለብሳ ከቤት ወጣች። እኔ ደግሞ በአሥራ ሰባት ዓመቴ የማላውቀውን ስም ለብሼ፣ ሃያ አራት ዓመቴ ነው ብዬ ጅዳ ገባሁ። ለሷ ደራሲ ተገኘላት እንጂ መንገዳችንስ አንድ ነበር።» ደህና እደር ብላኝ ገባች።

እኔ ግን ደህና አላደርኩም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ስንቴ ሰምቼዋለሁ። ስለ በዛብህ አልቅሻለሁ፣ በጉዱ ካሣ ንግግር ስቄያለሁ፣ የፊታውራሪ መሸሻን ትዕቢት ተሳድቤያለሁ። ሰብለ ለምን ልብስ ቀይራ እንደወጣች ግን አንድ ቀን ቆሜ አስቤ አላውቅም። በማግስቱ እረፍቴ ነበርና ከመደርደሪያዬ አሮጌ መጻሕፍት አወረድኩ። የጠየቅኩት ጥያቄ ቀላል ነው፦ በቀደምት ልብ ወለዶቻችን ውስጥ ሴት ልጅ ራሷን ሆና፣ በራሷ ልብስና በራሷ ስም መንገድ የወጣችበት የታለ?

ከመጀመሪያው እንጀምር። የአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ነው። በ1900 ዓ.ም. ሮም ታተመ። አፈወርቅ ያን ጊዜ ናፖሊ አማርኛ ያስተምር ነበር፤ እንደኛው በሰው አገር ሆኖ ነው የጻፈው። መጽሐፉ ሲወጣ ርዕሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር፤ ኋላ ነው በባለታሪኳ ስም «ጦቢያ» ተብሎ የታወቀው። እንግዲህ የመጀመሪያው ልብ ወለዳችን በሴት ልጅ ስም ነው የሚጠራው። ደስ ይላል። ውስጡ ስትገቡ ግን ልጅቱ አብዛኛውን መንገድ ወንድ ሆና ነው የምታገኟት።

ላላነበባችሁት ባጭሩ፦ አንድ ክርስቲያን የጦር አለቃ ጦርነት ላይ ይማረካል። አንድ ደግ ነጋዴ ቤዛውን ከፍሎ ያስለቅቀዋል። መንታ ልጆች አሉት፣ ዋህድና ጦቢያ። ዋህድ የነጋዴውን ውለታ ልመልስ ብሎ ሲወጣ ይያዝና ለባርነት ይሸጣል። አባትየው ልጁን ፍለጋ ሲነሳ ጦቢያም አብራው ትነሳለች፤ የወንድ ልብስ ለብሳ። ወንድ መምሰሏ ከመስመሩ የተነሳ ከንጉሡ ቤተሰብ የሆነች ልጅ በፍቅሯ ትወድቃለች። በኋላ ምስጢሩ ሲገለጥ ንጉሡ ራሱ ጦቢያን ይወዳትና ለሷ ሲል ክርስትና ተቀብሎ ያገባታል። ዋህድም ያቺን ልጅ ያገባል።

አንዳንዱ ይሄን የተረት ጨዋታ ነው ይላል። እኔ አይመስለኝም። ባሪያ ፈንጋይ በሚዞርበት ዘመን ወንዱ ልጅ እንኳ መንገድ ላይ ተይዞ ተሸጧል። ለሴት ልጅ ደግሞ ያ መንገድ ምን ሊሆን እንደሚችል አፈወርቅ ያውቃል። ስለዚህ ልብሱ ጌጥ ሳይሆን ጋሻ ነው። እዚህ ላይ ደራሲው እውነቱን ነው የጻፈው።

ግን እስቲ መጽሐፉ የታተመበትን ዘመን እዩት። እቴጌ ጣይቱ በሕይወት አሉ፣ ቤተ መንግሥት ውስጥ ናቸው። በ1888 ዓ.ም. የራሳቸውን ጦር ይዘው ዓድዋ የዘመቱ፣ መቀሌ ላይ የጣሊያን ምሽግ ውሃው እንዲያዝ መላ የመቱ ሴት ናቸው። የማንንም ልብስ አልተዋሱም። ታዲያ በእውኑ ዓለም እንዲህ ያለች ሴት እያለች ልብ ወለዱ ለምን ሴቷን ሱሪ አስለበሳት? የገባኝ እንዲህ ነው፦ ጣይቱን ያስከበራቸው ብልሃታቸው ብቻ ሳይሆን ዘራቸውና ዘውዳቸውም ነው። ዘውድ የሌላት የሰው ልጅ ግን የወንድሟን ልብስ ከመልበስ ሌላ ምን ነበራት? የጣይቱን ስም እየጠራን «የኛ ሴቶች ድሮም የተከበሩ ናቸው» የምንል ወንዶች፣ እኔን ጨምሮ፣ ይህችን ነገር እንዘላታለን።

ቀጥሎ ከልብ ወለድ ትንሽ ወጣ ልበል። በ1942 ዓ.ም. «የልቤ መጽሐፍ» የሚባል የግጥምና የቲያትር መጽሐፍ ታተመ። ጸሐፊዋ ስንዱ ገብሩ ናት። የከንቲባ ገብሩ ልጅ፣ ስዊዘርላንድ የተማረች፣ ጣሊያን ሲወረን ጎሬ ላይ ከጥቁር አንበሶች ጋር የነበረች፣ ተይዛ ጣሊያን አገር አዚናራ ደሴት የታሰረች። ከነጻነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መርታለች፤ በ1950 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ደግሞ ፓርላማ የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በራሷ ስም ጻፈች፣ በራሷ ስም ታሰረች፣ በራሷ ስም ተመረጠች። እስቲ ስንቶቻችን ነን አንድ መስመር አንብበንላት የምናውቅ? እኔ ስሟን የማውቀው ለፓርላማዋ ነው። ደራሲ መሆኗን የሰማሁት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው። ሴቶች አልጻፉም ሲባል ዝም ብለን እንቀበላለን፤ የጻፉትን ግን አልፈለግናቸውም።

አሁን ሕጉን እንይ፤ ልብ ወለድ ከሰማይ አይወርድምና። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዘመኑ ትልቅ ሥራ ነው። ግን አንቀጽ 635ን ፈልጋችሁ አንብቡ፦ የቤተሰቡ አለቃ ባል ነው፣ ሚስትም ሕጋዊ በሆነው ነገር ሁሉ ልትታዘዘው ይገባል ይላል። አንቀጽ 646 ደግሞ ባልየው አገልጋይ ለመቅጠር አቅም ከሌለው የቤቱን ሥራ ሚስት ራሷ ትሠራለች ይላል። የጋብቻ ዕድሜ ለወንድ 18፣ ለሴት 15። እንግዲህ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረታችን ማኅተም ተመትቶለት ነበር ማለት ነው። ይሄ የተቀየረው በ1992 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕጉ ሲሻሻል ነው። ብዙዎቻችን የተጋባነው በድሮው ሕግ ነው፤ አንዳንዶቻችን አሁንም በሱ የምንተዳደር ይመስለናል።

በዚህ ሕግ ማግስት ሁለት መጻሕፍት ወጡ። አንደኛው በ1956 ዓ.ም. «ሴተኛ አዳሪ»። ሽፋኑ ላይ ያለው የደራሲ ስም እናኑ አጎናፍር ነው። ሴት ናት ብላችሁ ታስባላችሁ። ጸሐፊው ግን ነጋሽ ገብረ ማርያም ነው፣ ጋዜጠኛውና የቲያትር ደራሲው። ጦቢያ መንገድ ለመሄድ የወንድ ልብስ ለበሰች፤ ነጋሽ ደግሞ የሴት ሕይወት ለመጻፍ የሴት ስም ለበሰ። ነገሩን ለክፋት አላደረገውም። የዚያች ሴት ሕይወት ከሴት አፍ ቢሰማ እንደሚያምር ገብቶታል። ግን ልብ በሉ፣ ወንዱ ልብስ ሲቀይር የብዕር ስም ይባልለታል፣ ያስደንቃል። ሴቷ ስትቀይር ግን ካልተያዘች ነው።

ሁለተኛው በ1958 ዓ.ም. የወጣው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ታሪኩን ለናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ሰብለ ወንጌል የፊታውራሪ መሸሻና የወይዘሮ ጥሩአይነት ልጅ ናት። ጠያቂ በመጣ ቁጥር አባትየው ዘሩ አይመጥነንም እያለ ይመልሳል። እኩዮቿ ወልደው ሲያሳድጉ እሷ በአባቷ የዘር ቆጠራ ታስራ ቀረች። በኋላ ሊያስተምራት የመጣውን የድሃ ልጅ በዛብህን ወደደች። እሱ ከአገር ሲወጣ እሷም ቆይታ የመነኩሴ ልብስ ለብሳ ፍለጋ ወጣች፤ ስታገኘው ቆስሎ ሊሞት ነው። ከዚያ በኋላ የለበሰችውን ልብስ አላወለቀችውም፤ የምር መነኮሰች።

ሐዲስ ይሄንን የጻፉት ሥርዓቱን ሊያሞግሱ አይደለም። ዘር ቆጠራው ልጅቱን ብቻ ሳይሆን አባትየውንም እንደሚበላ በደንብ አሳይተዋል። በጉዱ ካሣ አፍ ያልተናገሩት የለም። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ታዘብኩ። ስለ ሰብለ መታፈን በመጽሐፉ ውስጥ ከማንም በላይ የሚናገረው ወንድ ነው። ያውም ጉዱ የሚል ስም ወጥቶለት። ወንድ እንዲህ ሲናገር እብድ ከተባለ፣ ሴት ብትናገር ምን ሊሏት ነበር? ለዚህ ይመስለኛል ሰብለ ብዙ የማትናገረው። የተናገረችው በእግሯ ነው።

እንግዲህ ሦስቱን መጻሕፍት አንድ ላይ ስታስቀምጧቸው ለሴቷ ሦስት መውጫ ነው ያላቸው። የጦቢያ መውጫ ሠርግ ነው። የሰብለ መውጫ ቆብ ነው። ሦስተኛዋ ደግሞ የመጽሐፉ ርዕስ ላይ የተጻፈው ነው። ሌላ በር የለም። «ታዲያ ዘመኑን ነው የጻፉት፣ ምን ያድርጉ?» የምትሉ ትኖራላችሁ፤ ኮሜንት ላይ እንደምትመጡም አውቃለሁ። ልክ ናችሁ። እነሱን መውቀሴ አይደለም። ደራሲዎቹ ሴቷ ራሷን ሆና መውጣት እንደማትችል አይተው ጻፉልን። እኛ አንባቢዎች ነን ልብሱን አልፈን ፍቅሩን ብቻ ያየነው።

ወደ ተሳፋሪዬ ልመለስ። ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ስንት እህት ነው ዕድሜ ጨምራ፣ አንዳንዷም የክርስትና ስሟን በእስልምና ስም ቀይራ ወደ ዓረብ አገር የወጣችው? ፓስፖርቱ ላይ ያለችው ሴት ሌላ፣ አውሮፕላኑ ላይ ያለችው ሌላ። በምትልከው ገንዘብ ቤቱ ቆርቆሮ ይለብሳል፣ ወንድሟ ይማራል። ስትመለስ ግን «ዓረብ አገር የነበረች» ትባላለች፣ በአሽሙር። ጦቢያ ወንድሟን ፍለጋ ስለወጣች ጀግና ናት፤ ይቺ ወንድሟን ለማስተማር ስለወጣች ምን ናት?

ይሄንን ስጽፍ የራሴን ነገር አልደብቅም። ልጅ ሳለን ቤታችን ሬዲዮ ነበረን። «ከመጻሕፍት ዓለም» ሲጀምር ታላቅ እህቴና እኔ ጎን ለጎን ቁጭ እንላለን። ትረካው ሞቅ ሲል አባባ «ተነሺ፣ ቡና» ይላል። ትነሳለች። እኔን አንድ ቀን ተነሳ ብሎኝ አያውቅም። ማታ ያመለጣትን እኔ እነግራት ነበር፤ እኔ ደግሞ የምነግራት የበዛብህን ነበር። የሰብለን እዘለዋለሁ፣ አይጥመኝም ነበርና። ስለዚህ እህቴ ያንን መጽሐፍ የምታውቀው በግማሽ ነው፤ ያም ግማሽ የኔ ነው።

ያቺን ተሳፋሪ ካወረድኩ በኋላ ትረካውን ሙሉውን በቴሌግራም ላኩላት። ደብረ ማርቆስ ነው ያለችው፣ የልጅ ልጅ አይታለች። ትናንት የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ያለቀሰችበት ቦታ በዛብህ የሞተበት ይሆናል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን እንዲህ አለችኝ፦ «ወንድም ዓለም፣ እኔን ያንገበገበችኝ እናትየዋ ናት፣ ጥሩአይነት። ልጇ ዓይኗ እያየ ስታረጅ ዝም ያለችው ጨክና ነው ወይስ የሚሰማት አጥታ? እሷ ምን ታስብ እንደነበር ማንም አልጠየቃት።» እኔም አልጠየቅኳትም። መልስ አልመለስኩላትም እስካሁን።

እናንተን አንድ ነገር ልለምናችሁ። ዓረብ አገር የነበረች እህት ያላችሁ ደውሉና ፓስፖርቷ ላይ ስሟ ማን ይባል እንደነበር ጠይቋት። ከዚያ ዝም ብላችሁ ስሟት፣ አታቋርጧት። በሴት የተጻፈ ልብ ወለድ ቤታችሁ ያለ ደግሞ ርዕሱን ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ፣ ለእህቴ ልልክላት ነው።

ወረፋዬ ደረሰ። መልካም ሥራ ለሁላችን።