አሥራ አራት ሜትር

ስሙኝማ! ቦንጋን የምታውቁ ዝናቧን ታውቁታላችሁ። ሌላው አገር በመስቀል ሰማዩ ሲጠራለት፣ ቦንጋ ያለችበትን ካፋን ደመናው ቶሎ አይለቀውም። ጫካው የለመለመው፣ ቡናው ከዛፍ ጥላ ሥር ያማረው በዚሁ ዝናብ ነው። አክስቴን በሌሊት የጣላትም ይኸው ዝናብ ነው።

አክስቴ ሰባን አልፋለች፤ ጉልበቷም ደክሟል። ትልቁን ቤት ለልጇና ለልጅ ልጆቿ ለቃ ከጓሮው ሰርቪስ አንዷን ክፍል ያዘች። «ምድጃዬ እዚያ፣ እንሰቴም እዚያ፤ እኔ የት ልሂድ?» አለች። ክፍሏ ንጹሕ ናት፣ ትሞቃለች። ሽንት ቤቱ ግን ግቢውን አቋርጦ፣ ከትልቁ ቤት ጥግ፣ ከበሩ በኩል ነው። ሌሊት ስትወጣ ጃንጥላ በአንድ እጅ፣ ባትሪ በሌላው። ግድግዳ የምትይዝበት እጅ ከየት ይምጣ? ሰኔ ላይ አንድ ሌሊት አዳልጧት ወደቀች። አጥንቷን እግዜር አተረፈላት። ከዚያ ወዲያ ምን አደረገች መሰላችሁ? ከምሳ በኋላ ውሃ መጠጣት ተወች። ለማንም አልነገረችም። እኔ ለገና ስሄድ፣ ቡና እንኳ ሁለተኛውን ስትመልስ አይቼ ጠየቅኋት። በካፋ ምድር፣ በቡና አገር፣ ሽንት ቤት ፈርታ ቡና የምትመልስ እናት! አንጀቴ ተላወሰ።

በማግስቱ የቧንቧ ባለሙያ ጠራን። ልጅ እግር ነው፤ ሥራውን ግን ያውቃል። ግቢውን ዞሮ አየና «እማማ፣ ከሰርቪሱ ኋላ ጉድጓድ እንቆፍርልዎት። ቁልቁል ነው፣ ቱቦውም ሦስት ሜትር አይሞላም» አላት።

አክስቴ ወደ ታች ተመለከተች። ቦንጋ ኮረብታ ላይ የተሠራች ከተማ ናት፤ የአንዱ ጓሮ ከሌላው ራስ በላይ ነው። ከአጥሩ ሥር፣ ሃያ እርምጃ ያህል ወረድ ብሎ፣ የጎረቤት የውሃ ጉድጓድ አለ።

«ልጄ፣ ታች ያሉት ይህን ውሃ ይጠጣሉ» አለችው። «ክረምት በመጣ ቁጥር የእኔን ላጠጣቸው ነው?»

ልጁም ዝም አለ። ልክ ነበረች። ከሽንት ቤት ጉድጓድ እስከ ውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ ይላሉ ባለሙያዎች፤ ቁልቁለት ላይ ሲሆን ደግሞ ከዚያም በላይ ያስፈልጋል። ቀዩ አፈር ዝናብ ከጠገበ በኋላ ፍሳሽ አይቀበልም፤ ጉድጓዱ ሞልቶ ወደ ታች ይገነፍላል።

እንግዲህ የቀረው ከበሩ አጠገብ ካለው ከትልቁ ቤት ሽንት ቤት ሴፕቲክ ታንክ ጋር ማገናኘት ነው። ስለዚህ ታንክ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በ1996 ዓ.ም. ካፋ በደቡብ ክልል ሥር ሳለች፣ በክልሉ ከመቶ ቤት ሽንት ቤት ያለው 13 ያህሉ ብቻ ነበር። የክልሉ ጤና ቢሮ ዘመቻ አውጆ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ቁጥሩ 80 ገደማ መድረሱ ተዘገበ። አክስቴም ያኔ ነው የመጀመሪያውን ጉድጓድ ያስቆፈረችው፤ ልጇ ኋላ በታንክ ተካው። ያ ዘመቻ ብዙ ሕፃናትን ከተቅማጥ አድኗል ብዬ አምናለሁ። ግን የተቆጠረው ሽንት ቤት መኖሩ ነው። አንዲት አሮጊት በጨለማ ስንት እርምጃ እንደምትሄድ አልተቆጠረም።

ወደ ነገራችን እንመለስ። ከሰርቪሱ እስከ ታንኩ 14 ሜትር ሆነ። ባለሙያው ልጅ ውስጡ የሚታይ ጎማ ውሃ ሞልቶ አንዱን ጫፍ እኔን አስያዘኝ፣ ሌላውን ይዞ ወደ ታንኩ ሄደ። ውሃ በሁለቱም ጫፍ እኩል ነው የሚቆመው፤ እሱን አይቶ ይለካል። የክፍሏ ወለል ከታንኩ መግቢያ የሚበልጠው በ5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሆነ። ባለ 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ ደግሞ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል መውረድ አለበት። ለ14 ሜትር 28 ሳንቲ ሜትር መሆኑ ነው። ቁልቁለቱ ከጎደለ ውሃው ይተኛል፣ ቱቦው ይደፈናል። ውሃ አይለመንም!

ምን ይደረግ? ቱቦውን ዝቅ ማድረግ ካልተቻለ ሽንት ቤቱ ከፍ ይበል። ከክፍሏ ጎን አንዲት ጠባብ ክፍል በብሎኬት ተሠራች፤ ወለሏ በ45 ሳንቲ ሜትር ከፍ አለ። አራት ዝቅ ዝቅ ያሉ ደረጃዎች፣ በግራና በቀኝ የብረት መያዣ። ሁለቱም እጇ አሁን ሥራ አገኘ።

ከመቀመጫው ሥር ያለችውን ጠማማ ቱቦ አትናቁ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1775 አሌክሳንደር ካሚንግ የሚባል የስኮትላንድ ተወላጅ ሰዓት ሠሪ ነው በባለቤትነት ያስመዘገባት። በጠማማዋ ውስጥ ጥቂት ውሃ ሁልጊዜ ይቀራል፤ የታንኩን ሽታ ወደ ቤት እንዳይገባ የሚዘጋው ያ ውሃ ነው። ፍሳሹ በኃይል ሲወርድ ግን ያን ውሃ ስቦ ሊወስደው ይችላል፤ ለዚህ ነው ከጣሪያ በላይ የሚወጣ የአየር ቱቦ የሚያስፈልገው። አንዳንድ ሠራተኛ ብር ለመቆጠብ ይዘለዋል። አታስዘልሉት።

ውሃስ? ቧንቧው እንደፈቀደው ነው የሚመጣው። ዝናቡ ግን አለ! በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 1 ሊትር ነው። 30 ካሬ ሜትር የሆነው የሰርቪሱ ቆርቆሮ 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብበት እስከ 300 ሊትር ይሰጣል። አሸንዳ አበጅተን ወደ ሮቶ አስገባነው። የጣላት ዝናብ አሁን ሽንት ቤቷን ያጥባል።

አፈር ከመመለሱ በፊት ልጁ ባልዲ ሙሉ ውሃ ደፋ፤ እኛ ታንኩ አፍ ላይ ቆመን ጠበቅን። ውሃው ደረሰ። ደግሞ ደፋ፤ ደግሞ ደረሰ። ያኔ ነው ቱቦው የተቀበረው። ማታ አክስቴ ቡናዋን እስከ ሦስተኛው ጠጣች።

እናንተም በሰርቪስ የምትኖር እናት ወይም አባት ካላችሁ፣ ዛሬ ማታ ምን ያህል ውሃ እንደሚጠጡ ልብ ብላችሁ እዩ። ቁፋሮውን ደግሞ አፈሩ ሳይርስ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ጨርሱት።